ሰዓቱ የማን ነው?

ስለ ዩኒቨርሲቲ የስሌት ማእከልና ስለ ኩባንያ እርዳታ ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የቀረበ ንግግር



ዛሬ ልንነጋገርበት የተነሣነው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ይመስላል። አንድ ዩኒቨርሲቲ የስሌት ማእከል ለማቋቋም ሲያስብና የመኪናውን ዋጋ አንድ የንግድ ኩባንያ ልቻል ሲል፥ ዕቅዱን የሚያወጡት ሰዎች አስቀድመው ምን መጠየቅ ይገባቸዋል? ጥያቄያችን ይህ ነው። ጉዳዩ የባለሙያዎች ብቻ ቢሆን ኖሮ የእናንተን ጊዜ ባልወሰድን ነበር። ነገር ግን ማእከሉ ከተሠራ በኋላ በሩ ላይ ተራ የሚጠብቀው ተማሪው ነው፤ ትምህርቱን በመኪናው ልክ የሚያዘጋጀው መምህሩ ነው። ስለዚህ ውሉ ሲጻፍ የሁላችንም ዕድል አብሮ ይጻፋል።

በዚህ ነገር ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ወገን ሆነን ስንከራከር እንሰማለን። አንደኛው ወገን «ድሃ ዩኒቨርሲቲ የተሰጠውን አመስግኖ ይቀበል» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ነጋዴ ያለ ትርፍ አይሰጥምና ከደጃችን ይራቅ» ይላል። እኛ ከሁለቱም አልቆምንም። የእኛ አሳብ፥ መኪናውን ማን ገዛው ከሚለው ጥያቄ ይልቅ የመኪናው ሰዓት የማን ነው የሚለው ጥያቄ ይበልጣል የሚል ነው። መኪናው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያረጃል፤ በሰዓቱ የተማረው ሰው ግን ይቀራል።

ይህንን አሳብ በባዶ ቃል እንዳናቀርበው የቀድሞዎቹን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ታሪክ መርምረናል። እነርሱን የመረጥንበት ምክንያት፥ እንዲህ ያለው የኩባንያና የዩኒቨርሲቲ ውል ቀደም ብሎ ከተፈተነባቸው ስፍራዎች መካከል ስለሆኑና ዘመኑም ርቆ ፍሬውና ገለባው ስለተለየ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የሐርቫርድን ነገር እንመልከት። ሐዋርድ ኤይከን የሚባል የሐርቫርድ ሰው በ1937 ረጅም ስሌት በራሱ የሚሠራ ትልቅ መኪና እንዲሠራ አሳብ አቀረበ። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ በ1939 ተስማምቶ፥ በኒው ዮርክ ግዛት በኤንዲኮት በሚገኘው ፋብሪካው በራሱ መሐንዲሶች መኪናውን ሠራ። ከዚያም በ1944 ወደ ሐርቫርድ አጓጉዞ በስጦታ አስረከበ። ርዝመቱ ከ15 ሜትር በላይ፥ ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ የሆነ መኪና ነበር፤ በኋላም ማርክ አንድ ተባለ። የምረቃው ቀን ነሐሴ ወር ውስጥ ሲደርስ ዩኒቨርሲቲው ለጋዜጦች የሰጠው መግለጫ መኪናውን የፈለሰፈው ኤይከን ነው ብሎ ጻፈ፤ የኩባንያው መሐንዲሶች ድካም ግን በሚገባው መጠን አልተነገረም። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ቶማስ ዋትሰን በዚህ እጅግ ተቈጣ። በዓሉ ቢከበርም ፍቅሩ በዚያው ቀዘቀዘ፤ ኤይከን ቀጣዮቹን መኪኖች ያለ አይ.ቢ.ኤም. ሠራ፤ አይ.ቢ.ኤም.ም ከዚያ የሚበልጥ መኪና ራሱ ሠርቶ በ1948 በኒው ዮርክ ከተማ ለሕዝብ አሳየ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ጠቡ የተነሣው በገንዘብ አይደለም፤ መኪናው ተሠርቷል፤ ስጦታውም ተሰጥቷል። ጠቡ የተነሣው የሥራው ምስጋና ለማን እንደሆነ ቀድሞ ስላልተለየ ነው። ለጋሱ ስሙን ይፈልጋል፤ ሊቁም ስሙን ይፈልጋል፤ ሁለቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን በዝምታ የታለፈ ጉዳይ በበዓሉ ቀን ይፈነዳል። ሰነድ ሲፈረም የሚነሣ ክርክር ግን ከበዓል ቀን ጠብ ይሻላል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ የተለየ ነው። አይ.ቢ.ኤም. በ1950ዎቹ አጋማሽ 650 የተባለውን መካከለኛ መኪና በብዛት ማቅረብ ሲጀምር፥ ለዩኒቨርሲቲዎች ከኪራዩ ላይ እስከ 60 በመቶ ይቀንስላቸው ነበር። ቅናሹ ግን ያለ ግዴታ አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲው ስለ ሳይንስ ስሌትና ስለ ንግድ መረጃ አያያዝ ትምህርት እንዲሰጥ ይጠየቅ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ኩባንያው የጠየቀው ስሙ በግድግዳ ላይ እንዲጻፍለት ብቻ አይደለም፤ የትምህርቱን ዝርዝር ነክቷል።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያማ ነጋዴው መምህሩን አዘዘው» ብሎ ሊቈጣ ይችላል። ቍጣው መሠረት የለውም አንልም። ሆኖም ፍሬውንም እንይ። በብዙ ኮሌጆች የኮምፒዩተር ትምህርት የሚባል ነገር ገና ሳይኖር፥ ያ ግዴታ ትምህርቱ እንዲጀመር አደረገ። በክሊቭላንድ ከተማ በኬዝ ኢንስቲትዩት በነበረው 650 ላይ ዶናልድ ክኑት የሚባል ወጣት ተማሪ ፕሮግራም መጻፍ ተማረ። ያ ወጣት በኋላ ስለ ፕሮግራም ጥበብ ታላላቅ መጻሕፍት ጽፎ መታሰቢያነታቸውን ለዚያው መኪና አደረገ። ተማሪው መኪናውን እንዲህ ያለ ፍቅር የያዘው መኪናው በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ ስላየው አልነበረም፤ እጁን ዘርግቶ እንዲሠራበት ስለተፈቀደለት ነው።

አሁን የንግግራችን ዋና ምሳሌ ወደ ሆነው ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፥ በአጭሩ ኤም.አይ.ቲ. ወደሚባለው እንለፍ። በዚያ ትምህርት ቤት ቀደም ሲል ዊርልዊንድ የሚባል መኪና በመንግሥት ወታደራዊ ገንዘብ ተሠርቶ በ1951 ሥራ ጀምሮ ነበር። የመግነጢስ ቀለበት ማስታወሻ የተባለው ታላቅ ፈጠራም በጄይ ፎረስተር መሪነት የተሠራው ለዚሁ መኪና ነው። ነገር ግን የመኪናው ጊዜ በአብዛኛው ለአየር መከላከያ ሥራ ይውል ስለ ነበር፥ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተመራማሪዎች ለስሌታቸው የሚበቃ ጊዜ አያገኙም ነበር።

ይህን ችግር ለማቃለል ፊሊፕ ሞርስ የተባለው የፊዚክስ ፕሮፌሰር ከአይ.ቢ.ኤም. ጋር ውል እንዲደረግ ደከመ። በውሉም መሠረት ኩባንያው 704 የተባለውን ትልቅ መኪናውን ለትምህርት ቤቱ ያለ ኪራይ ሰጠ፤ መኪናውም በ1957 በአዲሱ በኮምፕተን ላቦራቶሪ ሕንፃ ውስጥ ተተከለ። 704 በሰከንድ 12,000 ያህል የመደመር ሥራ በአሥርዮሽ ነጥብ ቍጥሮች ላይ ይሠራ ነበር፤ ለዚያ ዘመን ይህ የሚያስደንቅ ፍጥነት ነው። ኩባንያው ከመኪናው ሌላ በማእከሉ ለሚሠሩ ወጣት ተመራማሪዎችም ድጋፍ ይሰጥ ነበር።

የውሉ ፍሬ ነገር ግን የሰዓቱ አከፋፈል ነው። ሃያ አራቱ ሰዓት በሦስት ፈረቃ ተከፈለ። አንዱ ፈረቃ ለኤም.አይ.ቲ. ተማሪዎችና መምህራን፤ ሁለተኛው ፈረቃ በኒው ኢንግላንድ ክፍለ ሀገር ለሚገኙ ሌሎች ኮሌጆች፤ ሦስተኛው ፈረቃ ለራሱ ለአይ.ቢ.ኤም. ሆነ። የአገራችን ሰው ይህን ሲሰማ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም፤ ሲሶ ማለት ነው። መሬቱን የሰጠ ከአዝመራው ሲሶ እንደሚወስድ ሁሉ፥ መኪናውን የሰጠም ከሰዓቱ ሲሶ ወሰደ። ልዩነቱ ግን ሲሶው ለማን እንደሆነ፥ መቼ እንደሆነና እስከ ምን ድረስ እንደሆነ አስቀድሞ መታወቁ ነው። ኩባንያው የወሰደው የራሱን ፈረቃ ነው፤ በተማሪው ፈረቃ ላይ አላዘዘም።

ኩባንያው ከዚህ ሁሉ ምን አገኘ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አንደኛ፥ በራሱ ፈረቃ የራሱን ሥራ ሠራ። ሁለተኛ፥ ኒው ኢንግላንድ ውስጥ ያሉ ወጣት ሳይንቲስቶች በእርሱ መኪና ስሌት መሥራትን ለመዱ፤ ወጣቱ ነገ በፋብሪካ ወይም በመሥሪያ ቤት ሲሾም የለመደውን መኪና እንዲገዛለት ይጠይቃል። ሦስተኛ፥ በመኪናው ምን ሊሠራ እንደሚቻል ከሊቃውንቱ ተማረ። ይህ ትርፍ ነው፤ ትርፍነቱም ነውር አይደለም። ነውር የሚሆነው ትርፉ ተደብቆ ስጦታው ብቻ ሲነገር ነው።

ሁለተኛው ፈረቃ፥ ማለትም ለሌሎቹ ኮሌጆች የተሰጠው ሲሶ፥ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት አለው። ከሃያ የሚበልጡ ኮሌጆች ለብቻቸው ሊገዙት ቀርቶ ሊያልሙት የማይችሉትን መኪና በጋራ ተጠቀሙበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለው የአባቶች ቃል እዚህ ላይ ተፈጸመ። ከእነዚህ ኮሌጆች አንዱ በኒው ሀምፕሺር ግዛት የሚገኘው ዳርትመዝ ነው። የዳርትመዝ የሒሳብ መምህር ቶማስ ኩርትዝ የተበሱትን ካርዶች በሣጥን ይዞ በባቡር ወደ ቦስተን ይወርድ ነበር፤ ካርዶቹን አስረክቦ፥ ውጤቱን ተቀብሎ፥ ወደ አገሩ ይመለሳል። በካርዶቹ ላይ አንዲት ስሕተት ብትገኝ እርማቷ የሚቀጥለውን ጉዞ ትጠብቃለች። እንዲህም ሆኖ በሩ ተከፍቶለት ነበርና መጣ። የዚህን ሰው ስም ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

እዚህ ላይ የሰዓቱ ብዛት ብቻ እንደማይበቃ መናገር ይገባናል። በ704 ማእከል ተማሪው ፕሮግራሙን ራሱ ይጽፋል፤ መኪናውን ግን የሚነካው ኦፕሬተሩ ብቻ ነበር። ተማሪው ካርዶቹን በመስኮት አስረክቦ ይሄዳል፤ ከብዙ ሰዓት በኋላ ወይም በማግሥቱ ተመልሶ የታተመውን ወረቀት ይቀበላል። እህሉን ወደ ወፍጮ ቤት ወስዶ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ነው። ልዩነቱ፥ ወፍጮ ቤት የሄደ ሰው ቢያንስ ዱቄት ይዞ ይመለሳል፤ ይህ ተማሪ ግን አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከሳተ ባዶ እጁን ተመልሶ እንደገና ተራ ይይዛል። የመኪናው ደቂቃ እጅግ ውድ ስለ ነበር መኪናው ሥራ ከሚፈታ ሰው ሥራ ቢፈታ ይሻላል ተብሎ የታቀደ ሥርዐት ነው። በሒሳብ ቢመዘን ስሕተት የለበትም። በትምህርት ሚዛን ሲመዘን ግን ተማሪው ማሰብ በሚጀምርበት ሰዓት መኪናው ከእርሱ ይርቃል።

በዚያው ሕንፃ፥ ከ704 በላይ ባለው ፎቅ፥ ሌላ ታሪክ ይሠራ ነበር። በ1958 ሊንከን ላቦራቶሪ የተባለው የኤም.አይ.ቲ. የምርምር ድርጅት ቲ.ኤክስ.ዜሮ የተባለውን፥ በትራንዚስተር የተሠራውን መኪናውን ለትምህርት ክፍሉ አዋሰ። ይህ መኪና ከ704 በማስታወሻ መጠን ያነሰ ነው። ነገር ግን ተማሪዎች ስማቸውን በመዝገብ ጽፈው፥ አንድ ሰዓት ይዘው፥ በሌሊትም ቢሆን ፊት ለፊቱ ተቀምጠው በገዛ እጃቸው እንዲሠሩበት ተፈቀደላቸው። በ1961 ደግሞ ዲጂታል የተባለው አዲስ ኩባንያ ፒ.ዲ.ፒ. አንድ የተባለውን መኪናውን ለኤም.አይ.ቲ. በስጦታ ሰጠ፤ እርሱም በዚያው አጠገብ ተተክሎ ለተማሪዎች ክፍት ሆነ። በ1962 እስቲቭ ረስልና ጓደኞቹ በዚህ መኪና ላይ «የጠፈር ጦርነት» የተባለውን ጨዋታ ሠሩ። ነገሩ ሕፃንነት ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም መኪናው በሥዕል ማሳያው ላይ ለሰው እጅ ወዲያውኑ መልስ እንዲሰጥ ያስቻለ ሥራ ስለ ነበር ኩባንያው ራሱ መኪኖቹን ለመፈተን ተጠቀመበት።

ልብ በሉ፤ ትምህርት ቤቱ አንድ፥ ሕንፃው አንድ፥ ዘመኑም አንድ ነው። ከታች ያለው መኪና የኩባንያ ስጦታ ነው፤ ከላይ ያለው ፒ.ዲ.ፒ. አንድም የኩባንያ ስጦታ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የሰጪው ደግነት ወይም ክፋት አይደለም። ልዩነቱን ያመጣው ተማሪው ከመኪናው ጋር ምን ዓይነት ሰዓት ያሳልፋል የሚለው ሥርዐት ነው።

ይህንን ልዩነት ያስተዋሉ ሊቃውንት በዚያው ትምህርት ቤት ነበሩ። ጆን መካርቲ በ1959 መጀመሪያ ላይ ለሞርስ ማስታወሻ ጽፎ፥ አንዱ መኪና ጊዜውን በጥቃቅን እየከፋፈለ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲያገለግል አሳብ አቀረበ። እያንዳንዱ ሰው በጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀምጦ ኮምፒዩተሩ የእርሱ ብቻ እንደሆነ እስኪመስለው ድረስ መልስ ያገኛል ማለት ነው። ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በ1961 ኅዳር ወር ይህንኑ በአይ.ቢ.ኤም. 709 ላይ በአራት የጽሕፈት መኪና ሠርተው አሳዩ። ኩባንያውም ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉትን ልዩ የመኪና ለውጦች በማቅረብ ረድቷል፤ ይህን መመስከር ይገባናል።

ነገር ግን በ1964 ታላቅ መለያየት መጣ። አይ.ቢ.ኤም. በዚያ ዓመት ሚያዝያ ወር ሲስተም 360 የተባሉትን አዳዲስ መኪኖቹን ሲያስታውቅ፥ የኤም.አይ.ቲ. ሊቃውንት ለጊዜ ማካፈል ሥራ የሚያስፈልገው የማስታወሻ አድራሻ ለውጥ በመኪኖቹ ውስጥ እንዳልገባ አዩ። ስለዚህ በሚቀጥለው ታላቅ ሥራቸው የጄኔራል ኤሌክትሪክን መኪና መረጡ። ለሰባት ዓመት በአይ.ቢ.ኤም. ስጦታ የኖረ ትምህርት ቤት፥ ሥራው ሲጠይቀው ወደ ሌላ ሻጭ ለመሄድ እጁ አልታሰረም። አይ.ቢ.ኤም.ም አኵርፎ አልቀረም፤ በ1965 የጐደለውን የጨመረ ሌላ መኪና አስታወቀ። እኛ የዚህን ውል ታላቅነት የምናየው በዚህ ነው። መልካም ውል ማለት ተቀባዩ አንድ ቀን «አይሆንም» ለማለት የሚችልበት ውል ነው።

አሁን ወደ ቶማስ ኩርትዝ እንመለስ። ኩርትዝ ካርድ ተሸክሞ በባቡር የተመላለሰበትን ልምድ አልረሳም፤ ጊዜ ማካፈል የሚለውንም አሳብ ከመካርቲ ሰምቷል። ከባልደረባው ከጆን ኬሜኒ ጋር ሆኖ፥ ከአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ድርጅት የገንዘብ እርዳታ ተቀብለው፥ የጄኔራል ኤሌክትሪክን መኪና አስመጡ። ሥርዐቱን የሚያንቀሳቅሱትን ፕሮግራሞች ከሞላ ጐደል የጻፉት ተማሪዎች ናቸው። በ1964 ግንቦት 1 ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቤዚክ በተባለው ቀላል ቋንቋ የጻፏቸው ፕሮግራሞች በትክክል ሠሩ። ከዚያ ወዲያ በዳርትመዝ ኮምፒዩተር እንደ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚገባ ተማሪ ይህ መጽሐፍ ለምን ያስፈልግሃል ተብሎ እንደማይጠየቅ፥ ዋጋም እንደማይከፍል ሁሉ፥ የታሪክ ተማሪም ሆነ የቋንቋ ተማሪ ገብቶ ይሠራበት ጀመር።

ጄኔራል ኤሌክትሪክም በተራው ተጠቀመ፤ ዳርትመዝ የሠራውን ሥርዐትና ቤዚክን ይዞ ከ1965 ጀምሮ የኮምፒዩተር ሰዓት ለደንበኞች መሸጥ ጀመረ። ይሁን እንጂ በ1970 የኮምፒዩተር ማምረት ሥራውን ለሐኒዌል ሸጠ። እዚህም ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ኩባንያ ነገ ሥራውን ሊለውጥ ይችላል። ማእከሉ በአንድ ኩባንያ ዕድሜ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ ከእርሱ ጋር ይወድቃል። ዳርትመዝ ያልወደቀው ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች የራሱ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።

ከእነዚህ ታሪኮች ተነሥተን፥ የስሌት ማእከል የሚያቅዱ ሰዎች ከለጋሹ ጋር ከመፈራረማቸው በፊት መልስ ሊያገኙላቸው የሚገቡ አምስት ጥያቄዎችን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ሰዓቱ እንዴት ይከፈላል? ለተማሪው፥ ለተመራማሪው፥ ለአስተዳደሩና ለለጋሹ ስንት ስንት ሰዓት ይደርሳል? ይህ በቍጥር ካልተጻፈ ምርምሩ የማስተማሪያውን፥ የደመወዝ ሒሳቡም የምርምሩን ሰዓት ይበላል፤ ተማሪው የሁሉ መጨረሻ ይሆናል።

ሁለተኛ፤ ሰዓቱ ምን ዓይነት ሰዓት ነው? ተማሪው ራሱ ተቀምጦ ተሳስቶ የሚያርምበት ነው ወይስ በመስኮት አስረክቦ የሚሄድበት? በቍልፍ የተዘጋ ላቦራቶሪ ውስጥ ያለ መቶ ኮምፒዩተር እስከ ማታ ክፍት ከሆነ አሥር ኮምፒዩተር ያንሳል።

ሦስተኛ፤ ሥራውን የሚያውቀው ማን ነው? መኪናውን የሚተክለውም፥ የሚጠግነውም፥ የሚያስተምርበትም የኩባንያው ሰው ብቻ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው የተቀበለው ዕቃ እንጂ እውቀት አይደለም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ የሥልጠናው ገንዘብ ከዕቃው ገንዘብ ጋር አብሮ ይጻፍ።

አራተኛ፤ ትምህርቱን ማን ያዝዛል? ኩባንያው ትምህርት እንዲጀመር መጠየቁ መልካም ሊሆን እንደሚችል ከ650 አይተናል። ነገር ግን ትምህርቱ የአንድ ኩባንያ ዕቃ አጠቃቀም ብቻ እንዳይሆን፥ ተማሪው ነገ ከሌላ ዕቃ ጋር ሲገናኝ እንዳይደናገር፥ የመጨረሻው ቃል የመምህራኑ ጉባኤ መሆን አለበት። የሥራው ስምና የተገኘው ውጤት የማን እንደሆነም በዚሁ አንቀጽ ይለይ፤ የሐርቫርድን ጠብ አንድገም።

አምስተኛ፤ ለጋሹ ሲሄድስ? የኤሌክትሪኩን፥ የማቀዝቀዣውን፥ የመለዋወጫውንና የሠራተኛውን ወጪ ከአምስት ዓመት በኋላ ማን ይችላል? በሰው ወርቅ አይደመቅም የሚባለው ለዚህ ነው።

ምናልባት አንዳንድ ወንድሞቻችን «ይህ የዛሬ ስድሳና ሰባ ዓመት ነገር ነው፤ ዛሬ ኮምፒዩተር በየኪሱ ገብቷል፤ ስለ ፈረቃ ማውራት ምን ይረባል?» ይሉ ይሆናል። በእርግጥ በኪሳችን የያዝነው ስልክ ከ704 በብዙ ሺህ እጥፍ ይፈጥናል። ነገር ግን ታላላቅ ስሌቶች፥ ይኸውም የአየር ጠባይ ትንበያ፥ የዘር ቅንጣት ጥናት፥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውን ማሠልጠን የመሳሰሉት፥ ዛሬም በኪስ ስልክ አይሠሩም። ለእነዚህ ሥራዎች የሚያስፈልጉት መኪኖች በጥቂት ኩባንያዎች ትላልቅ አዳራሾች ውስጥ ተሰብስበዋል፤ ለዩኒቨርሲቲዎችም በስጦታ የሚቀርበው አንዳንድ ጊዜ ዕቃ ሳይሆን በኢንተርኔት የሚሠሩበት የስሌት ሰዓት ራሱ ነው። መኪናውን አናየውም፤ ቍልፉም በእጃችን አይደለም፤ የተሰጠው ሰዓት ሲያልቅ በሩ ይዘጋል። እንግዲህ የሰዓቱ ጥያቄ አረጀ ወይስ ባሰበት? ፍርዱን ለእናንተ እንተዋለን።

ሌሎች ደግሞ «በሰጪ ፊት ጥያቄ ማብዛት ውለታ ቢስነት ነው፤ ኩባንያውም ተቀይሞ ወደ ሌላ ይሄዳል» ይሉ ይሆናል። ሥጋቱን አንንቅም። ተቀባዩ አቅም በሌለው ጊዜ ብዙ መደራደር እንደማይችል እናውቃለን። ነገር ግን ያለፈው ታሪክ የሚያሳየን፥ ለሞርስ ማእከል ሙሉ ፈረቃ ለሌሎች ኮሌጆች ሲለቀቅ ለጋሹ እንዳልሸሸ ነው፤ እንዲያውም ብዙ ተማሪ መኪናውን ባወቀው መጠን ለጋሹም ተጠቅሟል። ተማሪውን የሚጠቅም ውል ለጋሹንም ሊጠቅም ይችላል። ጥያቄ የሚያሳፍረው ትርፉን ለመደበቅ የሚፈልገውን ብቻ ነው፤ እርሱ ደግሞ ቢሄድ ብዙ አይጐዳንም።

ለመምህሮቻችንም አንድ ልመና አለን። እንዲህ ያሉ ውሎች ሲመከሩ ተማሪው በስብሰባው ላይ አንድ ወንበር ይሰጠው። የመኪናውን ዓይነት ለመምረጥ እውቀታችን ላይበቃ ይችላል። ተራ ስንጠብቅ የምናባክነው ሰዓት ስንት እንደሆነ፥ ላቦራቶሪው በስንት ሰዓት ቢዘጋ ማን እንደሚጐዳ፥ በየትኛው ፎቅ ላይ ያለው ክፍል ሁልጊዜ ተቈልፎ እንደሚውል ግን ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በዳርትመዝ ሥርዐቱን ተማሪዎች የጻፉት ከመምህራኑ ይልቅ ሊቃውንት ስለ ነበሩ አይደለም፤ የታመኑ ስለ ነበሩ ነው።

ለእኛ ለተማሪዎችም ግዴታ አለብን። ሰዓት ይሰጠን ብለን የጠየቅን እንደሆነ በተሰጠን ሰዓት መሥራት ይገባናል። የላይኛው ፎቅ ወጣቶች በሌሊት ተነሥተው የሄዱት ማንም አስገድዷቸው አይደለም። ክፍት በር ገብቶ የሚሠራበት ሰው ካላገኘ በሚቀጥለው ዓመት ይዘጋል፤ የሚዘጋውም «ተማሪዎቹ አልፈለጉትም» በሚል እውነተኛ ምክንያት ይሆናል።

በ1965 የዚህ አገር ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት፥ መሬቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ማን ያርሰዋል ከሚለው ጥያቄ መለየት የለበትም ብለው ነው። የእኛ ጥያቄ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ማንንም ከርስቱ አይነቅልም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ በዩኒቨርሲቲያችን ስም የሚመጣ የስሌት መኪና በሚታቀድበት ገበታ ላይ፥ ከዋጋው ዝርዝር በፊት የሰዓቱ ዝርዝር ይቀመጥ፤ በዝርዝሩም የመጀመሪያው መስመር ላይ የተማሪው ስም ይጻፍ።

 አሁን ጥያቄያችሁንና ተቃውሞአችሁን ለመስማት ዝግጁ ነን።